አዙሪት ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት

ባሕር ዳር፣ አባይ ድልድይ ላይ ቆሜ ውሃ ማየት ልማዴ ነው። ከጣና የወጣ የእንቦጭ ጉማጅ እየተንሳፈፈ ይመጣል። የድልድዩ ምሰሶ ጥግ ሲደርስ ሁለት ሦስቴ ይሽከረከርና ሹልክ ብሎ ይሄዳል። ሥራዬ ግን ኮምፒውተር ላይ ነው። መግነጢስ በሚጎትተው የተናወጠ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ በፕላዝማ (ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የጋለ ጋዝ) ውስጥ፣ ሳይበተኑ የሚቆዩ ቅርጾችን እፈልጋለሁ። እነዚህን ቅርጾች ስንፈልግ ከምንሠራቸውና ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ሠርቻቸዋለሁ።

በአንድ ፎቶ መፍረድ። ዋናው ይሄ ነው። የአንድ ቅጽበት የፍጥነት ቀስቶች ክብ ከሠሩ «አዙሪት!» እንላለን። ፍሰቱ በየቅጽበቱ ሲለዋወጥ ግን ቀስቶቹ የሠሩት ክብና ውሃው የሄደበት መንገድ ለየቅል ናቸው። ያ እንቦጭ መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው በዓይን ስትከተሉት ነው። ኮምፒውተር ላይም በሺህ የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ልቀቁና ተከተሏቸው። ማን ከማን ጋር ቆየ? ማን ተለያየ? (እንቦጩን ነፋስም ስለሚገፋው ሙሉ ምስክር አይሆንም። የኮምፒውተሩ ቅንጣት ከዚህ ነፃ ነው።)

የተመልካቹን እንቅስቃሴ መርሳት። ታንኳችሁ ሲዞር ጣና በሙሉ የሚዞር ይመስላል። ቮርቲሲቲ የሚባለው የሽክርክሪት መለኪያም እንዲሁ ነው፤ ተመልካቹ ከዞረ ቁጥሩ ይለወጣል። በዚያ ላይ ዳር ዳሩን ቀስ፣ መሐል መሐሉን ፈጠን እያለ ቀጥ ብሎ በሚፈስ ወንዝም ቁጥሩ ከፍ ይላል። የሚሽከረከር ነገር ግን የለም። የፍሰት ተመራማሪው ጆርጅ ሃለር እ.ኤ.አ. በ2005 የአዙሪት ትርጉም ለማንኛውም ተመልካች አንድ መሆን አለበት ብሎ የተከራከረው ለዚህ ነው። በ2016 ከባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው ዘዴ ከእያንዳንዱ ቅንጣት ቮርቲሲቲ ላይ የፍሰቱን አማካይ ይቀንሳል፤ የልዩነቱንም መጠን ቅንጣቱ በሄደበት ሁሉ ይደምራል። ጀማሪ ከዚህ ቢነሳ እመርጣለሁ።

መግነጢሱን መተው። እዚህ ላይ አባይም አያግዘን። የመግነጢስ መስመሮች በፕላዝማ ውስጥ እንደ ማሲንቆ ጭራ የተወጠሩ ናቸው። ሲነኩ ሞገድ ያስተላልፋሉ፤ ይህን ሞገድ ስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሐነስ አልፍቬን በ1942 ቀድሞ አስልቶታል። የኤሌክትሪክ ከረንት ደግሞ ስስ ንጣፎች ላይ ይከማቻል። መስመሮቹ ተበጥሰው ከሌላ ጋር የሚቀጠሉትም እዚያ ነው። ፍጥነቱን ብቻ ያየ ሰው እነዚህን ንጣፎች ሳያያቸው ያልፋል። ሁለቱንም ለየብቻ ፈልጉ፤ የፍጥነቱ አዙሪትና የመግነጢሱ አዙሪት አንድ ቦታ ላይገኙ ይችላሉ።

በአንድ መቁረጫ ቁጥር መቁጠር። «ከአማካዩ 3 እጥፍ የበለጠ ከረንት ሁሉ ንጣፍ ነው» አላችሁ እንበል። 4 ስትሉ ግማሹ ሊጠፋ ይችላል። ቁጥሩን እየለዋወጣችሁ ሞክሩ።

በስፔክትረም ብቻ መርካት። ስፔክትረም ጉልበቱ በትልቅና በትንሽ መጠን እንዴት እንደተከፋፈለ ይነግራችኋል፤ የት እንዳለ ግን አይነግራችሁም። ፌዞቹን (ፍሰቱን የሚሠሩትን ሞገዶች አቀማመጥ) በውዟቸው። ስፔክትረሙ ንቅንቅ አይልም፣ ቅርጾቹ ግን ይጠፋሉ። ዘዴያችሁን በዚህ በተበወዘ መረጃ ላይ ፈትኑት። እዚያም ብዙ አዙሪት ካገኘ፣ ችግሩ ያለው ኮዳችሁ ላይ ነው።