ብሮሸራችሁ የጂኦግራፊ ደብተር እንዳይመስል

አገር ተመድቦላችሁ የጉዞ ብሮሸር እንድትሠሩ ስትታዘዙ የሕዝብ ብዛት፣ የቆዳ ስፋትና ዋና ከተማ ደርድራችሁ «ውብ አገር ናት፣ ኑ ጎብኟት» ብላችሁ አትዝጉ። በዚህ ማንም ሻንጣውን አያዘጋጅም።

መላው ቀላል ነው። እያንዳንዱን መረጃ ጎብኚው ራሱ ወደሚያደርገው ነገር ቀይሩት። ታንዛኒያ ደረሰቻችሁ እንበል። «ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ከፍታ አለው» ከማለት «ገመድ ላይ ሳትንጠለጠሉ፣ በእግራችሁ ብቻ 5,895 ሜትር ከፍታ ላይ ወጥታችሁ ፀሐይ ስትወጣ ታያላችሁ» በሉ። «ዛንዚባር ቅመም ታመርታለች» የሚለው ደግሞ «ቅርንፉዱን ከነቅርንጫፉ ቀጥፋችሁ ታሸታላችሁ» ይሆናል። መረጃው የትም አልሄደም። አንባቢው ግን ራሱን እዚያ ያየዋል፤ ልቡ የሚነሳውም ያኔ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ሠርቶ እንደሆነ ለማወቅ የአገሩን ስም በጣታችሁ ሸፍኑት። ለኬንያም ለግሪክም የሚሆን ከሆነ ሰርዙት፣ ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው።

ቪዛ፣ ክትባትና ገንዘብ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። እዚያ የሚፈለገው ደረቅ መረጃ ነው። ተራራውም ቀናት እንደሚፈጅና ከፍታው ሊያሳምም እንደሚችል በአንድ መስመር ጣል አድርጉ።