ከአንኮበር ፊደላት ስንት የእንግሊዝኛ ቃል ይወጣል? ቃላትን ከተሰጡ ፊደላት የማውጣት ዘዴ

ለትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ክበብ የሚመች ጨዋታ ነው፤ የከተማ ስም ይሰጣል፣ ከስሙ ፊደላት የሚወጡ የእንግሊዝኛ ቃላት ይለቀማሉ። ለሰሜን ሸዋ ጀማሪ አንኮበርን የሚያህል ስም የለም፦ ኤ፣ ኤን፣ ኬ፣ ኦ፣ ቢ፣ ኢ፣ አር። ሦስት አናባቢ፣ አራት ተነባቢ፣ የተደገመ ፊደል የለም።

በቅድሚያ ጥያቄውን ለዩ። «ከእነዚህ ፊደላት ብቻ» የሚሠራ ቃል መፈለግ አንድ ነገር ነው። ሌላ ፊደል ቢጨመርበትም «እነዚህን ሁሉ የያዘ» ቃል መፈለግ ሌላ ነው። የአንዳንድ ፊደላት ቦታ ተነግሮ ቀሪውን መሙላት ደግሞ ሦስተኛ ነው። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው አንዱን ተጠይቆ ሌላውን ሲፈልግ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ካርቶን ቆርጣችሁ በየቁራጩ አንድ ፊደል ጻፉ። ደብተር ላይ እየጻፉ መሰረዝም ይቻላል፣ ግን ካርቶኑ ይበልጣል፤ ያለው ቁራጭ አንድ ከሆነ ፊደሉን ሁለቴ ልጠቀም ብትሉም አይሆንላችሁም።

ዝም ብሎ መበወዝ አያዋጣም። ሰባት የተለያዩ ፊደላት በ5040 መንገድ ይደረደራሉ፤ አብዛኛው ምንም ቃል አይሆንም። ከመጨረሻው መነሳት ይሻላል። ኢ እና አርን አጣምራችሁ በስተቀኝ አስቀምጡ። ከቀሩት አምስቱ ባንክ ይወጣል፤ ሲቀጠልበት ባንከር ይሆናል። ቤከር፣ ማለትም ዳቦ ጋጋሪ፣ በዚያው መንገድ ይመጣል። አሁን መጨረሻውን ወደ ኢ እና ኤን ቀይሩት፤ ብሮክን ተገኘ። ከዚያ ኢን ብቻዋን መጨረሻ ላይ አድርጓት። እሷ ራሷ ሳትነበብ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ታስረዝማለች፦ ቤክ፣ ቦን፣ ሬክ፣ ብሮክ።

ቀጥሎ የቃል መጀመሪያ የሚሆኑ ጥንዶችን ሞክሩ። ቢ እና አር ወዲያው ይታያሉ። ኬ እና ኤን ግን ይሰወራሉ፤ በአማርኛ የተጻፈ ፊደል ሁሉ ስለሚነበብ፣ በጆሮው የሚፈልግ ተማሪ ኬን ከኤን ፊት ማስቀመጥ አይታሰበውም። ኖብ፣ የበር እጀታው፣ የሚያመልጠው በዚህ ነው። አንድ ድምፅ ያላቸው ቃላትም ይጠፋሉ። ብሬክ ስትሉ ሁለት ቃል አለ፤ መስበር እና የመኪና ፍሬን። ሁለቱም ያንኑ አምስት ፊደል ይዘው አደራደራቸው ብቻ ይለያያል። ቤርም እንዲሁ ነው፤ ድብ እና ራቁት።

ደብረ ብርሃን ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። ስሙ በእንግሊዝኛ በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ «ብር» የሚለውን ክፍል አንዱ በአይ፣ ሌላው በኢ ይጽፈዋል። በአይ ከተጻፈ ብሬን፣ ማለትም አእምሮ፣ ይገባል። በኢ ከተጻፈ ብሬን ይወድቅና ኢ ሦስት ስለሚሆን ብሪደር፣ ማለትም እንስሳ አርቢ፣ ይገባል። የመንዝ በግ ላለበት አገር ይኼኛው ይስማማል ባይ ነኝ፤ የትኛውም ይሁን፣ አጻጻፉ ሳይቆረጥ ከተጀመረ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የተደገመ ፊደል ነው፤ አብዛኛው ስህተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚያየው ፊደሉ መኖሩን እንጂ ስንት መሆኑን አይደለም። መፍትሔው ቆጠራ ነው። በአይ የተጻፈውን ብንወስድ ኢ 2፣ ቢ 2፣ አር 2 ሲሆኑ ዲ፣ አይ፣ ኤች፣ ኤ እና ኤን አንዳንድ ናቸው፤ ድምሩ 11። ይህን ከገጹ ራስ ላይ ጻፉት። አሁን የተገኘውን ቃል ፊደል በፊደል ቆጥራችሁ አስተያዩ። ባርበር ሁለት ቢ እና ሁለት አር ይፈልጋል፤ አለ፣ ያልፋል። ባሪየር፣ መሰናክል፣ ሦስት አር ይፈልጋል፤ ይወድቃል፣ ምንም እንኳ ፊደሎቹ በሙሉ በስሙ ውስጥ ቢታዩም። በአንኮበርም ቡክ የሚወድቀው ሁለት ኦ ስለሚፈልግ ነው።

ሁለት ቃላት አንድ ዓይነት ፊደላት መያዛቸውን ለማወቅ ደግሞ የሁለቱንም ፊደላት በኤ ቢ ሲ ተራ ደርድሩ። ቲቸር ሲደረደር ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኢ፣ ኤች፣ አር፣ ቲ ይሆናል። ቺተር፣ ማለትም አጭበርባሪ፣ ያው ነው። ሄክታርም ያው ነው። በዓይን ከማመሳከር ይህ ይታመናል።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ፊደላቱን በሙሉ የያዙ ቃላትን ለመልቀም፣ ኮምፒውተር ይቀላል። ኔትወርክ ባለበት ጊዜ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር አውርዳችሁ ኤክሴል ላይ በአንድ ዓምድ፣ በየረድፉ አንድ ቃል አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፊልተር ውስጥ «ይይዛል» የሚለውን ምረጡና በቅድሚያ ብርቅ የሆነውን ፊደል ስጡት። የትኛው ብርቅ እንደሆነ ስክራብል፣ ማለትም ፊደል በተጻፈባቸው ጠጠሮች ቃል የሚሠራበት ጨዋታ፣ ይናገራል፤ ከእንግሊዝኛው 100 ጠጠር ኢ 12 ሲሆን ኬ፣ ጄ፣ ኤክስ፣ ኪው እና ዜድ ግን አንዳንድ ብቻ ናቸው። ከኬ የጀመረ ሰው ዝርዝሩ ወዲያው ያጥርለታል።

የኤክሴል ፊልተር በአንድ ዓምድ ላይ የሚቀበለው ሁለት ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው። ሦስተኛ ፊደል ካለ የተጣራውን ገልብጣችሁ ሌላ ሺት ላይ ለጥፉና እንደገና አጣሩ። ኤን እና ኬን አጣብቃችሁ አትጻፉ፤ ተከታትለው የቆሙትን ብቻ ያወጣል፣ ብሮክን ከዝርዝሩ ይቀራል። አንድ ፊደል ሁለቴ እንዲገኝ ከፈለጋችሁ በመካከላቸው ኮከብ አድርጉ፤ ቢ፣ ኮከብ፣ ቢ።

ለሦስተኛው ጥያቄ «እኩል ነው» የሚለውን መርጣችሁ በማይታወቀው ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት አስገቡ። ቢ፣ ጥያቄ ምልክት፣ ኦ፣ ጥያቄ ምልክት፣ ኢ፣ ጥያቄ ምልክት ብትሉ ከሚመጡት መካከል ብሮክን አለ። እዚህ ኮከብ አይሠራም። ጥያቄ ምልክት አንድ ፊደልን ብቻ ይተካል፣ ኮከብ ግን የፈለገውን ያህል ስለሚተካ ባለ ስድስት ፊደል ቃል ስትፈልጉ ባለ አሥሩም ይግተለተልባችኋል።

ቃል የሚያወጡ ድረ ገጾችም አሉ፤ ፈጣን ናቸው። ነገር ግን ማንም የማይጠቀምባቸውን ቃላት ከሚታወቁት ጋር ደባልቀው ያመጣሉ፣ ትርጉም የማይሰጡም ብዙ ናቸው። ለክበብ ጨዋታ ከሆነ አውጪው ትርጉሙን ካላወቀው ወይም መዝገበ ቃላት ላይ ካላሳየ ነጥብ አትስጡ።