ለዜን ጥናት ወደ ጃፓን ለሚጓዙ ተማሪዎች፦ ከካማኩራ ጀምሩ

የቡድሂዝም ዘርፍ የሆነውን ዜንንና የጃፓን ነባር ሃይማኖት የሆነውን የሺንቶን መቅደሶች በአካል ተገኝታችሁ ለማጥናት ወደ ጃፓን የምትሄዱ ተማሪዎች፣ ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ከቶኪዮ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል በምትርቀው በካማኩራ ከተማ እንድትጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1253 የተመሠረተው ኬንቾጂ እና በ1282 የተመሠረተው ኤንጋኩጂ የተባሉት የዜን ገዳማት፣ እንዲሁም ጹሩጋኦካ ሀቺማንጉ የተባለው ታላቅ የሺንቶ መቅደስ በዚያች ከተማ በእግር በሚዳረስ ርቀት ላይ ይገኛሉ።

የዜንንና የሺንቶን ሥርዓት አለማደባለቅ ለአስተናጋጆቻችሁ የምታሳዩት የመጀመሪያው አክብሮት ነው። በሺንቶ መቅደስ፣ ቶሪ በተባለው በር ጎንበስ ብላችሁ ከገባችሁ በኋላ በውሃው ገንዳ ዘንድ ግራ እጃችሁን፣ ከዚያም ቀኛችሁን ታጥባችሁ አፋችሁን ትጉመጠመጣላችሁ፤ በጸሎቱ ስፍራ ደግሞ ሁለት ጊዜ እጅ ነሥታችሁ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭባችሁ፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ እጅ ትነሣላችሁ። በዜን ገዳም ግን አይጨበጨብም፤ መዳፍን ገጥሞ በዝምታ እጅ መንሣት ይበቃል።

ዛዜን ለተባለው የተመስጦ አቀማመጥ ሰፋ ያለና ደማቅ ያልሆነ ልብስ ልበሱ፤ ካልሲም በአብዛኛው ይወልቃል። ዓይን ሙሉ በሙሉ አይከደንም፤ ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ በከፊል ይገለጣል፤ ጀማሪም ትንፋሹን ከአንድ እስከ አሥር እየቆጠረ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እግር አጣጥፎ መቀመጥ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ወንበር እንዲፈቀድላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መነኩሴው ትከሻን የሚመታበት ዘንግ ቅጣት ሳይሆን ማንቂያ ስለሆነ አትደንግጡ። ገዳማቱ የራሳቸው ሥነ ሥርዓት ሲኖራቸው ለጎብኚ የሚሰጡትን መርሐ ግብር ስለሚሰርዙ፣ ቀኑን ከመወሰናችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ማስታወሻችሁንም ከአዳራሹ እንደወጣችሁ ወዲያው ጻፉ።