የትሪፓኖዞማ ኤምአርኤንኤ በስንት ደቂቃ እንደሚፈርስ ለመለካት

ትሪፓኖዞማ ብሩሲ ላይ የምትሰሩ ከሆነ የኤምአርኤንኤ (የጂን መልእክት ይዞ ፕሮቲን የሚሰራበት አርኤንኤ) ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደውን ጊዜ፣ መለካት አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ይሄ የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣው ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ጂኖቹን እንደኛ አንድ በአንድ እያበራ እያጠፋ አይደለም የሚኖረው፣ ብዙ ጂኖችን ደርድሮ በአንድ ረጅም አርኤንኤ ይገለብጣቸዋል፣ ከዛ ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ ፊቱ ላይ 39 ፊደል ያላት ስፕላይስድ ሊደር የምትባል አጭር አርኤንኤ ከኬፗ (ከጫፏ ቆብ) ጋር ትለጠፍበታለች፣ ይሄ ስራ ስፕላይሲንግ ይባላል፣ ኋላው ላይ ደግሞ ፖሊ ኤ ጭራ (የኤ ፊደል ድርድር) ይቀጠልለታል። ስለዚህ የትኛው ፕሮቲን ይብዛ የትኛው ይነስ የሚለው በአብዛኛው የሚወሰነው ከዛ በኋላ ነው፣ ማለትም የትኛው ኤምአርኤንኤ ቶሎ ፈረሰ የትኛው ቆየ፣ የትኛውስ በደንብ ተተረጎመ በሚለው።

መጀመሪያ አፈራረሱን እወቁት፣ አለበለዚያ ዳታው ሲመጣ ግራ ትጋባላችሁ። ብዙውን ጊዜ ከጭራው ይጀምራል፣ ካፍ1 የሚባለውን ኤንዛይም የያዘው ኖት ኮምፕሌክስ (የፕሮቲኖች ስብስብ) ፖሊ ኤውን እየቆረጠ ያሳጥረዋል። ከዛ ፊት ያለው ኬፕ ይነሳል፣ ኤክስአርኤንኤ የሚባለው ኤንዛይም ከፊት ወደ ኋላ እየበላ ይሄዳል፣ ከኋላ በኩል ደግሞ የሚበላ ኤግዞዞም የሚባል የፕሮቲኖች ስብስብ አለ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ኬፕ ማንሳቱ ነው። እኛም እርሾም ለዚህ ስራ ያለን ዲሲፒ2 የሚባል ኤንዛይም ትሪፓኖዞማ ውስጥ ጭራሽ የለም! በምትኩ አልፍ1 የሚባል የባክቴሪያ ኤንዛይም ዘመድ የሆነ ፎስፋቴዝ ነው የሚሰራው፣ ይሄም የታወቀው ገና በ2017 ነው።

አሁን ወደ ስራው። ደም ውስጥ የሚኖረውን ፎርም 37 ዲግሪ ላይ አሳድጉ፣ በሚሊ ሊትር ከአንድ ሚሊዮን ሴል እንዳያልፍ፣ ሲጨናነቁ ጭንቀት ውስጥ ይገቡና የምትለኩት ጭንቀቱን ይሆናል። ከዛ ሲነፈንጂን የሚባለውን መድሃኒት 2 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቀጥሎ አክቲኖማይሲን ዲ 10 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር። አክቲኖማይሲኑ ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ አዲስ መገልበጥን ያቆማል፣ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ቀድሞ የተገለበጠ ያልተቆራረጠ አርኤንኤ ሴሉ ውስጥ አለ፣ እሱ ስፕላይስ እየተደረገ አዲስ ኤምአርኤንኤ መስጠቱን ይቀጥላል እና ከርቩ መጀመሪያው ላይ ዝም ብሎ ጠፍጣፋ ይሆንባችኋል። ሲነፈንጂን የሚገባው ያንን ስፕላይሲንግ ለማቆም ነው። ደግሞ አክቲኖማይሲን ብርሃን አይወድም፣ መርዝም ነው፣ ጓንት አድርጉ።

ሳምፕል በ0፣ 5፣ 10፣ 15፣ 30 እና 60 ደቂቃ ውሰዱ። መጀመሪያው ላይ የተጠጋጋው በምክንያት ነው፣ የአብዛኞቹ ግማሽ ዕድሜ ከግማሽ ሰዓት በታች ስለሆነ በየሰዓቱ ብቻ ብትወስዱ የምታገኙት ባዶ ቱዩብ ነው ማለት ይቻላል። የቪኤስጂ (የጥገኛው የላይ ሽፋን ፕሮቲን) ኤምአርኤንኤ ለየት ይላል፣ እሱ ከሰዓት በላይ ይቆያል፣ ለሱ ረዘም አድርጉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሴንትሪፊውጁ ላይ ነው። ሴሎቹ እየተሽከረከሩም እያፈረሱ ነው እኮ! ሁሉም ሳምፕል እኩል ደቂቃ ይሽከርከር፣ ወዲያው ትሪዞል (አርኤንኤ ማውጫ ፈሳሽ) ይግባበት፣ ዜሮውም ላይ መድሃኒቱን ጨምራችሁ በዛው ቅጽበት አሽከርክሩት። እንደዛ ካደረጋችሁ የማሽከርከሪያዋ ጊዜ ሁሉም ላይ እኩል ስለምትጨመር የመስመሩን ስሎፕ አትነካም። መድሃኒት ያልነካው ዜሮ ከወሰዳችሁ ግን የመጀመሪያዋ ነጥብ ከመስመሩ ወጥታ ብቻዋን ትቆማለች።

አርኤንኤውን ጄል ላይ ስታዩት እንዳትደነግጡ። የትሪፓኖዞማ ትልቁ ራይቦዞማል አርኤንኤ በተፈጥሮው የተቆራረጠ ነው፣ ሁለት ትልልቅና አራት ትናንሽ ቁርጥራጭ፣ ስለዚህ የለመድናቸው ሁለት ባንዶች ሳይሆን ከላይ ሶስት ታያላችሁ፣ ጥራት የሚለካው ማሽንም ዝቅተኛ ነጥብ ሊሰጠው ይችላል። ደህና ሳምፕል በዚህ ምክንያት አትጣሉ።

መጠኑን ለመለካት ሲዲኤንኤ (ከአርኤንኤው የሚገለበጥ ዲኤንኤ) ስትሰሩ ኦሊጎ ዲቲ፣ ማለትም ፖሊ ኤ ጭራ ላይ የሚይዝ ፕራይመር፣ አትጠቀሙ። ፖሊ ኤው ነው ቀድሞ የሚጠፋው ብለን የለ? ጭራው ያለቀ ግን ሌላው ገላው ገና ያልተነካ ኤምአርኤንኤ አይያዝላችሁም፣ ከእውነቱ ቶሎ የሚፈርስ ይመስላል። አርኤንኤው ላይ የትም የሚይዝ ራንደም ሄክሳመር ይሻላል። ወይም አርኤንኤውን ጄል ላይ በርዝመቱ ለይቶ የሚያሳየውን ኖርዘርን ብሎት ስሩ፣ አሮጌ ነው አትበሉ፣ ኤምአርኤንኤው እያጠረ ሲሄድ በአይናችሁ ታዩበታላችሁ። ማወዳደሪያችሁ ደግሞ ራይቦዞማል አርኤንኤ ወይም 7ኤስኤል የሚባለው ኤምአርኤንኤ ያልሆነ አርኤንኤ ይሁን፣ ቱቡሊን አይሆንም፣ እሱም ራሱ ኤምአርኤንኤ ነው፣ አብሮ እየፈረሰ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የቀረውን መጠን በዜሮ ደቂቃ ለነበረው መጠን አካፍሉ፣ ናቹራል ሎግ ውሰዱ፣ ከደቂቃው ጋር መስመር ሳሉ፣ 0.693ን ለስሎፑ አካፍሉ፣ የስሎፑን ኔጌቲቭ ምልክት እርሱት። ለምሳሌ በ20 ደቂቃ ሩብ ብቻ ከቀረ ግማሽ ዕድሜው 10 ደቂቃ ነው።

ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም (የወባ ጥገኛ) ላይ የምትሰሩ ደግሞ ሰዓቱን በጣም ተጠንቀቁ፣ እዛ የኤምአርኤንኤ አማካይ ግማሽ ዕድሜ ሪንግ በሚባለው መጀመሪያ የዕድገት ደረጃ ላይ 9.5 ደቂቃ ገደማ የነበረው መጨረሻ ላይ ስኪዞንት የሚባለው ደረጃ ላይ ሲደርስ ወደ 65 ደቂቃ ይወጣል፣ ሴሎቻችሁ በዕድሜ ካልተመሳሰሉ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። መድሃኒት ሳትጠቀሙ አዲስ በሚሰራ አርኤንኤ ውስጥ በሚገባ 4-ታዮዩራሲል ምልክት አድርጎ መከታተልም ይቻላል፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ሌላ ጥገኛ የሚያስፈልገው ኤንዛይም ስላለው ራሱ ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ፕላዝሞዲየም ግን ስለሌለው መጀመሪያ ከሌላ ኦርጋኒዝም የመጣ ጂን ልታስገቡለት ግድ ነው።