ወደ ዋታሙ ለባሕር ኤሊ ጥበቃ፦ ለበጎ ፈቃደኛ የሚሆን የሥራ መመሪያ

የባሕር ኤሊ ለመጠበቅ ኮስታሪካ ወይም ግሪክ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ ከሞምባሳ በስተሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ዋታሙ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አላት። የባሕር ዳርቻዋ ከ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ነው። በኬንያ ውኃ አምስት ዓይነት የባሕር ኤሊዎች ይገኛሉ፤ በዋታሙ አሸዋ ላይ እንቁላል ለመጣል በብዛት የምትወጣው ግን አረንጓዴዋ ኤሊ ናት። በስዋሂሊ የባሕር ኤሊ «ካሳ» ይባላል። ለእኛ ጆሮ ሌላ ትርጉም ስላለው ቃሉ አይረሳም።

ከመነሳትዎ በፊት የሥራውን ጠባይ ይወቁት። የበጎ ፈቃደኛ ዋና ዋጋው በእርሳስና በደብተር ላይ ነው፤ ኤሊዋን መንካት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። በጨለማ ይራመዳሉ፣ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ፣ ላስቲክ ይለቅማሉ፣ የታመሙ ኤሊዎች የሚታከሙበትን ገንዳ ይፈገፍጋሉ። ዋና አለመቻል ከባሕር ዳርቻ ሥራ አያግድም። ዋና የሚጠየቀው ከኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሠሩት የባሕር ሥር አለት) ጋር ለተያያዘ የውኃ ውስጥ ሥራ ነው፤ እሱን መዋኘት የማይችል ሰው አይሞክረው።

መቼ ይኬዳል?

በኬንያ ዳርቻ እንቁላል የሚጣለው ዓመቱን ሙሉ ቢሆንም ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ይበረታል። እንቁላሉ አሸዋ ውስጥ ከ50 እስከ 60 ቀን ስለሚቆይ ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው አንዱን ጫፍ ብቻ ያያል። በግንቦት ከሄዱ እናቲቱን፣ በሐምሌና በነሐሴ ከሄዱ ጫጩቶቹን የማየት ዕድልዎ ይሰፋል። ሚያዝያና ግንቦት ከባድ ዝናብ አለ፤ የዝናብ ልብስ ካልያዙ ሌሊቱ ያስመርራል። ከተቻለ ቢያንስ አንድ ወር ይቆዩ። የመጀመሪያው ሳምንት በመማር ስለሚያልፍ በሁለተኛው ሳምንት የሚመለስ ሰው ለድርጅቱ ከሚሰጠው ጊዜ የሚወስደው ይበልጣል።

ድርጅቱን መመርመር

በዋታሙ የታወቀው ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን ነው። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የዋታሙ ኤሊ ጠባቂዎች ሆኖ የተጀመረ ሲሆን ጎጆ (ኤሊዋ እንቁላል የጣለችበትን ጉድጓድ) ይጠብቃል፣ መረብ ውስጥ የገቡ ኤሊዎችን ያስለቅቃል፣ የቆሰሉትን ያክማል። የትኛውንም ድርጅት ቢመርጡ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። ከኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ጋር የሚሠራው በምን ፈቃድ ነው? ክፍያው ምግብን፣ ማደሪያንና መጓጓዣን ያካትታል? የአገሬው ደመወዝተኛ ሠራተኞች ስንት ናቸው? በጎ ፈቃደኞች በማይኖሩበት ወር ሥራውን ማን ይሠራል? የሚሰበሰበው መረጃስ ለማን ይደርሳል?

«ኤሊ አቅፈው ፎቶ ይነሣሉ» ብሎ ቃል ከሚገባ ሰው ይራቁ። ጫጩቶችን በባልዲ ወይም በገንዳ ለቀናት አቆይቶ ለጎብኚ የሚያስለቅቅ ቦታም እንዲሁ መጥፎ ምልክት ነው። ጫጩት ከአሸዋ ስትወጣ ሆዷ ውስጥ የቀረው የአስኳል ስንቅ ለአንድ ቀን ያህል ያለ ዕረፍት እንድትዋኝ የተሰጣት ነው። ስንቁን ባልዲ ውስጥ ከጨረሰችው በዳርቻው ካሉ አዳኝ ዓሦች የምታመልጥበት ጉልበት አይኖራትም።

በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች ሚክሞሬት ያለውን ብሔራዊ የባሕር ኤሊ ማገገሚያ ማዕከል መጠየቅ ይችላሉ። እዚያ እንቁላል የሚጣለው በአገሩ ሞቃት ወራት ሲሆን ሥራው በአብዛኛው ጎህ ሲቀድ ዱካ መፈለግ ነው።

ወረቀትና ጤና

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ለጉብኝት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ጉብኝትና ሥራ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎትም በኢሚግሬሽን ዓይን ሥራ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ለአጭር ጊዜ ሥራ «ስፔሻል ፓስ» የሚባል ፈቃድ አለ። ለእርስዎ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነና ማን እንደሚያወጣው ድርጅቱ አስቀድሞ ይንገርዎ። «እንደ ቱሪስት ግባና እናስተካክለዋለን» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ድርጅት ይፈልጉ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ወባን ቀላል አድርገው አይዩት። በደጋ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋም አካል የለውም፣ የሌሊት ሥራው ደግሞ ትንኝ በሚነክስበት ሰዓት ነው። የመከላከያ መድኃኒቶቹ አጀማመር ይለያያል፤ አንዳንዱ ከጉዞው አንድና ሁለት ቀን፣ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል፤ ከተመለሱ በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ከወር በፊት ይሂዱ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳ በቀጥታ ይበረራል። ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ በሚሄድ ማታቱ (የሕዝብ ሚኒባስ) ተሳፍረው ጌዴ መገንጠያ ላይ ይውረዱና በባጃጅ (እዚያ ቱክቱክ ነው የሚሉት) ወደ ዋታሙ ይግቡ። ገንዘብ በብዛት የሚንቀሳቀሰው በስልክ በሚላከው ኤምፔሳ ስለሆነ የኬንያ ሲም ካርድ በመጀመሪያው ቀን ያውጡ።

ሻንጣ ውስጥ ቀይ ብርሃን ያለው የግንባር ባትሪ፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ረጅም እጅጌ ልብስ፣ የተዘጋ ቀላል ጫማ፣ ሦስት እርሳስ (ስክሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም)፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጓንትና የብረት ውኃ መያዣ ይኑር። ፌስታል አይያዙ። ኬንያ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ፌስታልን፣ በ2020 ደግሞ በፓርኮችና በተከለሉ የባሕር ዳርቻዎች የአንድ ጊዜ ፕላስቲክን ከልክላለች። አንድ ጊዜ ተጠጥቶ የሚጣለው የላስቲክ ውኃ ጭምር በእገዳው ውስጥ ነው።

የሌሊት ጥበቃ

የሚራመዱት ባሕሩ ባረጠበው አሸዋ ላይ ነው። ኤሊዋ ከውኃው ስትወጣ መንገድዎን ማቋረጧ ስለማይቀር ዱካዋ አያመልጥዎትም። ነጭ ብርሃን አይበራም፤ የስልክ ስክሪንም ብርሃን ነው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ጨረቃም ብዙ ይታያል። ከውኃው ልትወጣ ያለች ኤሊ ብርሃን ካየች ትመለሳለች። ከተመለሰች ደግሞ ያ ሌሊት ለእርሷም ለእናንተም ባክኗል።

ሥራዋ ቅደም ተከተል አለው። ትወጣለች፤ በፊት መቅዘፊያ እግሮቿ ሰፊ ጉድጓድ ትጠርጋለች፤ በኋላ እግሮቿ እየተፈራረቀች ጠርሙስ የመሰለ ጠባብ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ትጥላለች፤ ትደፍናለች፤ በመጨረሻም አሸዋ እየበተነች ቦታውን ትሰውራለች። ሁሉም ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መጣል እስክትጀምር ድረስ ሁሉም ሰው ከኋላዋ ራቅ ብሎ ይተኛል ወይም ይቀመጣል። መጣል ከጀመረች በኋላ በቀላሉ አትደነግጥም፤ የሚቀርበው ሰው ያኔም ከኋላ ይቀርባል። ወደ ፊቷ የሚዞር ሰው ሥራዋን ያስጥላታል።

አንድ ጎጆ 110 ያህል እንቁላል ይይዛል። የድንጋይ ልብሷ ርዝመት የሚለካው ጥላ ስትጨርስና ስትደፍን ነው። ሜትሩ ከአንገቷ በላይ ካለው የመሐል ጎድጎድ ተነሥቶ ኩርባውን እየተከተለ እስከ ኋላ ጫፍ ይዘረጋል። ልኬቱ ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሦስተኛ ይጨመር። እግሯ ላይ መለያ ብረት ካለ አንዱ ሰው ቁጥሩን ጮክ ሳይል ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፤ ከዚያ የጻፈው መልሶ እያነበበ የመጀመሪያው ከብረቱ ላይ ያመሳክራል። አንድ የተሳሳተ አኃዝ የአንዲትን ኤሊ የሃያ ዓመት ታሪክ ለሌላ ኤሊ ያስረክባል። አዲስ ብረት የሚያስገባው የሠለጠነ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ስለ ሰዓት አጻጻፍ ኢትዮጵያውያን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። እኛ «ሌሊት 8 ሰዓት» የምንለውን ስዋሂሊ ተናጋሪውም «ሳአ ናኔ ኡሲኩ» ይለዋል፤ አቆጣጠሩ አንድ ነው። በአፍ መግባባታችን ደስ ይላል፤ ቅጹ ላይ ግን 02:00 ተብሎ መጻፍ አለበት። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተገኘ ጎጆ የዋዜማው ነው ወይስ የማግስቱ የሚለውን በመጀመሪያው ሌሊት ጠይቀው ይወቁ። ይህ ካልተወሰነ የመፈልፈያው ቀን ሲሰላ የአንድ ቀን ስሕተት ይገባል።

የንጋት ጥበቃ

ጎህ ሲቀድ፣ ነፋስና የሰው እግር ዱካውን ሳያጠፋው ይወጣሉ። የአረንጓዴዋ ኤሊ ዱካ 1 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ግራና ቀኝ እግሮቿን እኩል ስለምታንቀሳቅስ ምልክቶቹ ትይዩ ናቸው። ትንሾቹ፣ እንደ ሆክስቢልና ኦሊቭ ሪድሊ ያሉት፣ 70 እና 80 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነና ግራ ቀኝ የሚፈራረቅ ዱካ ይተዋሉ። አቅጣጫውን ከአሸዋው ያነባሉ፦ እግሯ የሚገፋው ወደ ኋላዋ ስለሆነ ክምሩ ከመጣችበት በኩል ነው። ሁለቱ ዱካዎች በሚቋረጡበት ቦታ ከላይ ያረፈው የመመለሻው ነው። ዱካው በግማሽ ክብ ተጠማዞ ከተመለሰና የተበተነ አሸዋ ከሌለ ሳትጥል ተመልሳለች፤ ይህም ይመዘገባል። መዝግበው ሲጨርሱ ዱካውን በእግርዎ ቀጥ ባለ መስመር ይቁረጡት፤ አለዚያ ነገ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይቆጥረዋል።

በዱላ እየወጉ እንቁላል መፈለግ ክልክል ነው። አንድ የተበሳ እንቁላል ይበሰብሳል፣ ሽታው ሸርጣንና ጉንዳን ይጠራል፣ ጎጆው በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ጂፒኤስም ብቻውን አይበቃም። ስሕተቱ ጥቂት ሜትሮች ስለሆነ ከሁለት ወር በኋላ ጠባብ ጉድጓድ ለማግኘት አያስችልም። ከዳርቻው በስተጀርባ ካሉ ሁለት ቋሚ ምልክቶች (ዛፍ፣ የአጥር ምሰሶ) እስከ ጎጆው ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩና ሁለቱንም ይጻፉ።

ጎጆ ማዛወር

የባሕሩ ከፍታ በሙላትና በጉድለት መካከል እስከ 4 ሜትር ይለያያል፤ ትልቁ ሙላት ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ በሆነ ማግስትና ሠልስት ይመጣል። ከዚያ መስመር በታች የተጣለ ጎጆ ውኃ ስለሚውጠው ይዛወራል። ውሳኔው የሠራተኞቹ ነው። የእርስዎ ድርሻ መቆፈር፣ መሸከምና መቁጠር ነው።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እንቁላሉ በተጣለ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፅንሱ ከላይኛው ሽፋን ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ እንቁላሉ ከተገለበጠ ፅንሱ ይሞታል። ስለዚህ ሥራው በዚያው ሌሊት ያልቃል፣ እያንዳንዱ እንቁላል ላዩ ላይ እንደሆነ ይነሣል፣ እንደዚያው ባልዲ ውስጥ ይቀመጣል፣ እንደዚያው ይገባል። ባልዲው ሥር እርጥብ አሸዋ ይነጠፍ። የትንኝ ቅባትና የፀሐይ ክሬም ያለበት እጅ እንቁላል አይነካም፤ ጓንት ይደረግ። አዲሱ ጉድጓድ የመጀመሪያውን ጥልቀትና የጠርሙስ ቅርጽ ይያዝ። ጥልቀቱ ከተቀየረ ሙቀቱ ይቀየራል፤ ሙቀቱ ደግሞ ፆታን ይወስናል፦ ከ29 ዲግሪ ገደማ በላይ ሴቶች፣ በታች ወንዶች ይበዛሉ። ከደፈኑ በኋላ ውኃ አያጠጡት።

ጫጩቶቹ ሲወጡ

አሸዋው ሲቀዘቅዝ፣ በአብዛኛው በሌሊት፣ አንድ ላይ ይወጣሉ። ወደ ብሩሁ አድማስ ስለሚሄዱ የሆቴል መብራት ወደ መንገድ ይጠራቸዋል። የእርስዎ ሥራ ቀደም ብሎ ነው፦ ከጎጆው እስከ ውኃው ያለውን የእግር ኮቴ ጉድጓድ መደልደል፣ የተከመረ የባሕር ሣር ገለል ማድረግ፣ መብራቱን እንዲያጠፋ ዘበኛውን በአክብሮት መለመን። ሽማግሌ ከሆነ «ሺካሞ» ብለው ሰላም ይበሉት፤ «ማራሃባ» ብሎ ከመለሰ በኋላ ንግግሩ ይቀላል። ጫጩቶቹን ተሸክመው ውኃ ውስጥ አያስገቧቸው፤ በአሸዋው ላይ ራሳቸው ይሂዱ።

ከመጀመሪያው መውጣት ከ48 እስከ 72 ሰዓት በኋላ ጎጆው በእጅ ተቆፍሮ ይቆጠራል። ከግማሽ በላይ የሆነ ባዶ ቅርፊት ብቻ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ቁርጥራጭ አይቆጠርም። 96 ባዶ ቅርፊትና 14 ያልተፈለፈለ እንቁላል ከተገኘ ጠቅላላው 110፣ የፈለፈለው 87 በመቶ ነው። ሽታው ከባድ ነው፤ ባዶ ሆድ ይዘው አይሂዱ።

ዓሣ አጥማጆችና ላስቲክ

በመረብ የተያዘች ኤሊ ስትገኝ ዓሣ አጥማጁ ስልክ ይደውላል፣ ቡድኑ ሄዶ ኤሊዋን ይመረምራል፣ ይለካል፣ ይለቃል፤ እርሱም ለጊዜውና ለስልኩ ትንሽ ክፍያ ያገኛል። ክፍያው የኤሊዋ ዋጋ እንዳይመስል ሆን ተብሎ ትንሽ ነው። በዚህ ሥራ ላይ በጎ ፈቃደኛ ዝም ብሎ ይጻፍ። መረቡ የሰውየው እንጀራ ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው በልጆቹ ፊት ቢገሥጸው በሚቀጥለው ጊዜ አይደውልም። ያኔ የምትሞተው ኤሊ ትበዛለች።

ቆሻሻ የሚለቀመው ከንጋት ጥበቃው በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተለቀመ ዱካው ይረገጣል። በመሬት መቧጠጫ ሳይሆን በእጅ ይልቀሙ፤ በዓይነት ለይተው ይመዝኑ። ነጠላ ጫማ እጅግ ይበዛል። በኬንያዋ ላሙ ደሴት ላይ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከተጣለ ፕላስቲክ ተሠርታ፣ በነጠላ ጫማ ተለብጣ ባሕር የወረደችው ፍሊፕፍሎፒ ጀልባ ዕቃዋን ያገኘችው ከእንደዚህ ዓይነት ለቀማ ነው። አሸዋ የዋጠውን መረብ አይጎትቱ፤ ከሥሩ ጎጆ ሊኖር ስለሚችል የወጣውን ቆርጠው ይውሰዱ።

የመጨረሻው ቀን ለርክክብ ይተው። የደብተርዎን ገጾች ከሠራተኛው ጋር ከቅጹ ጋር ያመሳክሩ፤ ያልተነበበ ቁጥር ካለ ማብራራት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ባትሪና ጓንት ለሚቀሩት ይተዉላቸው። ጎጆ ያለበትን ፎቶ ከለጠፉም ቦታው እንዳይታወቅ ከስልክዎ የቦታ መረጃውን አስቀድመው ያጥፉ፤ እንቁላል ሌባም ፎቶ ያያል።