ውሻችሁና ድመታችሁ የትኛው ክትባት ያስፈልጋቸዋል? እንዲህ ወስኑ

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ቡችላዋን በካርቶን ይዛ መጣች። አራት ወር ቢሞላው ነው። ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ይዞታል፣ ያጠጡትን ውሃ ይመልሳል፣ አይኑ ገብቷል። ሐኪሙ ፓርቮ የሚባል አንጀት የሚያጠቃ ቫይረስ ነው አለ፤ በማግስቱ ሞተ። «አስከትቤዋለሁ እኮ!» እያለች ታለቅስ ነበር። ካርዱን አየሁት። እውነቷን ነው፣ ተከትቧል፤ ግን ለእብድ ውሻ በሽታ ብቻ። ስለዚህ «ተከትቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ለየትኛው በሽታ፣ በስንት ወሩ፣ ስንት ጊዜ የሚለውን ማወቅ አለባችሁ።

መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታን ጨርሱ። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ ለእንስሳውም ለሰውም መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ወደ ሰው የሚተላለፈው ደግሞ ከ100 እጅ 99ኙ በውሻ ነው። «የኔ ከግቢ አይወጣም» አትበሉ። እሱ ባይወጣም ሌላው በአጥር ስር ሾልኮ ይገባል፤ ሀዋሳ ውስጥ ማታ ማታ ስንት ባለቤት የሌለው ውሻ እንደሚዞር ታውቃላችሁ። ድመትም ትከተብ። የመጀመሪያው 3 ወር ሲሞላቸው ይሰጣል፣ ሁለተኛው ከዓመት በኋላ፣ ከዚያ በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ፤ ይሄን የሚወስነው የክትባቱ ዓይነት ስለሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ይመጣል። ውሻ ሁሉ ለፓርቮ፣ ሳንባና አንጎል ለሚያጠቃው ዲስቴምፐርና ለተላላፊው የጉበት በሽታ መከተብ አለበት፣ የትም ይኑር የት። ድመት ደግሞ የድመት ፓርቮ ለሚባለውና ጉንፋን ለሚያመጡት ሁለት ቫይረሶች፣ ለሄርፐስና ለካሊሲ። ለቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል፤ የመጨረሻው የግድ 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ መሆን አለበት። ለምን ይደጋገማል? ገንዘብ ለመሰብሰብ አይደለም። ቡችላው ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ክትባቱንም ጭምር ስለሚያከሽፈው ነው፣ ይሄ መከላከያ የሚጠፋበት ቀን ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ አንዱ በ8ኛው ሳምንት፣ ሌላው በ14ኛው። «አንድ መርፌ ተወግቷል፣ ይበቃዋል» ማለት ቡችላውን ለዕድል መተው ነው። ከዚያ ዕድሜው ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ ይደገማል። ከዚያ በኋላ በየ3 ዓመቱ ይበቃል፤ እነዚህን ሦስቱን በየዓመቱ መውጋት አያስፈልግም።

ግቢያችሁ ውስጥ በፓርቮ የሞተ ቡችላ ካለ ቫይረሱ አፈር ላይ ወራት ይቆያል። ሲሚንቶውንና ሳህኑን በበረኪና እጠቡ፣ አዲስ ቡችላ ክትባቱን ሳይጨርስ እዚያ አታስገቡ።

ሦስተኛው የእናንተን ኑሮ ማየት ነው። ውሻችሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር አብሯችሁ ይዞራል? አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ ይለቅማል? ጓሮ አይጥ አለ? እንግዲያው ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን ጨምሩ፤ በአይጥ ሽንትና በቆመ ውሃ የሚመጣ ነው፣ ሰውንም ይይዛል። በ3 ወይም 4 ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ። የሳል ክትባት የሚያስፈልገው ከብዙ ውሾች ጋር ለሚያድር ነው። የውሻ ኮሮና የሚባለውን ግን እለፉት። ድመታችሁ ውጭ እያደረች የምትገባ ከሆነች ስለ ድመት ሉኪሚያ ክትባት ጠይቁ።

አሁን ብልቃጡን አንብቡ። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፦ ዲ ዲስቴምፐር፣ ኤች የጉበቱ፣ ፒ ፓርቮ፣ ኤል ሌፕቶ፣ አር የእብድ ውሻ። «አምስት በአንድ» ሲሏችሁ የትኞቹ አምስት እንደሆኑ ከዚያ ታውቃላችሁ። የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፈው፣ ካርዱ ላይ ከምትጽፉት ቀን ጋር አታምታቱት። የፓርቮው ክትባት ብዙውን ጊዜ ብልቃጡ ሥር ደርቆ የተቀመጠ ትንሽ ነገር ነው፤ እፊታችሁ በፈሳሹ ተበጥብጦ ወዲያው መወጋት አለበት። አንዴ ጠዋት ተበጥብጦ ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሊወጉልኝ ሲሉ እምቢ ብዬ ወጥቻለሁ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። መብራት ሲጠፋ የት እንደምታስቀምጡት ንገሩኝ ብላችሁ ጠይቁ፣ አያሳፍርም። ብልቃጡ ላይ ያለው ስቲከር ተልጦ ካርዱ ላይ ይለጠፍላችሁ። ከከተማው ክሊኒኮች ሌላ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ስላለው እዚያም መጠየቅ ትችላላችሁ።

የታመመ እንስሳ አታስከትቡ፣ ይዳን መጀመሪያ። ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ቆዩ፤ ፊቱ ካበጠ ወይም ካስመለሰው ሐኪሙ አጠገባችሁ ነው። አንድ ሁለት ቀን ቢደብተው ግን አትደንግጡ።

የእናንተም ይሁን የመንገድ ውሻ ሰው ከነከሰ፣ ቢከተብም ባይከተብም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የውሻውን ካርድ ይዛችሁ።