ማርሹ ሲላላ ቶሎ ካምቢዮ አታስወርዱ

አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሦስተኛ አስገብታችሁ እንኳ የማርሽ ዘንጉ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ሁለተኛ ስትፈልጉ አራተኛ ታገኛላችሁ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትጀምሩማ ማርሽ የሚገባው በጸሎት ነው።

ጋራዥ ስትወስዱት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ» የሚል ነው። ይወርዳል፣ ግን መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ትታይ።

የኔ መኪና የአባቴ የነበረች ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ኬኢ 70 የሚባለው፣ በኋላ ጎማ የሚሄደው ሞዴል። በዚህ መኪና ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። መሀል ላይ ገመድ የለም። የዘንጉ ታችኛ ጫፍ ላይ የልብስ ሰፊ የጣት ቆብ የመሰለች የናይለን ቦኮላ ትለበሳለች። በሙቀትና በፍትጊያ ብዛት ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች፣ በመጨረሻም ተፈርፍራ ታልቃለች። እሷ ስትጠፋ ብረቱ ክፍት ቦታ ውስጥ ይዋልላል።

ከመፍታታችሁ በፊት ግን በሽታውን ለዩ። ሞተሩን አጥፉ፣ ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ። ሁሉም እየገቡ ዘንጉ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ቦኮላዋን ጠርጥሩ። የሚላላው ከላይ ያለው እጀታ ብቻ ከሆነ ጥርሱ ላይ የቧንቧ ቴፕ ጠቅልሎ ማጥበቅ ይበቃል። ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ዘንጉ ወደፊትና ወደኋላ የሚዘል ከሆነ የሞተሩንና የካምቢዮውን መያዣ ጎማዎች እዩ። ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ማርሹ ራሱ እየወጣ ፎሌ (ምንም ማርሽ ያልገባበት) የሚሆን ከሆነ ግን ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ሊሆን ይችላል። እሱን ለመካኒክ ተዉት።

ሥራውን ሜዳ ላይ ሥሩ። ብዙዎቻችን የእጅ ፍሬን ስለማናምን መኪና የምናቆመው ማርሽ አስገብተን ነው። እዚህ ግን ማርሹ ፎሌ ላይ መሆን አለበት፤ ስለዚህ መኪናዋን የሚይዛት የእጅ ፍሬኑ ብቻ ይሆናል። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ጥሩ ድንጋይ አድርጉ።

የሚያስፈልጋችሁ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ግሪስ፣ ንጹህ ጨርቅና የቀለም ብሩሽ ነው። እጀታውን ወደ ግራ አዙራችሁ አውጡ። የዙሪያውን ፕላስቲክ ብሎኖች ፍቱ፣ ምንጣፉን ግለጡ፣ የአቧራ መከላከያ ጎማውን አንሱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የአዲስ አበባ የበጋ አቧራ እዚያ ሥር ስንት ዓመት ተኝቷል፤ በብሩሽና በጨርቅ ሳታጸዱ ከከፈታችሁ ቀጥታ ካምቢዮው ዘይት ውስጥ ይወርዳል።

ከጸዳ በኋላ ዘንጉን የያዘው ክዳን ይታያችኋል። ብሎን ፍለጋ አትድከሙ። ክዳኑን በመዳፋችሁ አጥብቃችሁ ወደ ታች ተጫኑትና ወደ ግራ አዙሩት። ሥሩ ሞላ ስላለ ራሱ ይገፋችኋል። ከዚያ ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ፣ ቀዳዳውን ወዲያው በጨርቅ ሸፍኑ።

አሁን ጫፉን እዩ። ቦኮላዋ ግማሿ ብቻ ቀርታ ከሆነ ሌላው ግማሽ ታች ወድቋል ማለት ነው። በባትሪ አብርታችሁ የሚታየውን በረጅም ወረንጦ ልቀሙ። ማግኔት አትሞክሩ፣ ፕላስቲክ ነው። ከላይ የዘንጉ ኳስ የመሰለው ክፍል የሚቀመጥበትንም ፕላስቲክ አትርሱ፤ እሱ ከተበላ አዲስ ቦኮላ ብቻውን ውዝዋዜውን አያጠፋውም።

መለዋወጫውን ሶማሌ ተራ ታገኛላችሁ። አሮጌውን ስባሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተቻለ ዘንጉንም ጭምር፣ እዚያው አልብሳችሁ እንድትሞክሩ። እኔ ስሄድ ከዕቃው በፊት «እህቴ፣ ባለቤትሽ አልመጣም?» ይቀድማል። ዘንጉን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጥ ወሬው ወደ ቦኮላ ይመለሳል። ብዙ ነገር ያገለገለ ቢገዛ አልቃወምም፣ ይህችን ግን አዲስ ግዙ። ካጣችሁ ቶርኖ ቤት (ዕቃ በማሽን የሚቀረጽበት) ከናይለን ይቀርጹላችኋል። «ከነሐስ ልሥራልሽ፣ ዕድሜ ልክ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው አይሰበርም፤ ግን የካምቢዮው ጩኸትና ንዝረት እጃችሁ ድረስ ይመጣል። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጦ መጠቅለል ደግሞ ዘይት ውስጥ ላስቲክ መጨመር ነው። ይቅርባችሁ።

አዲሷ ቦኮላ ጠባብ ናት፣ አልገባም ትላለች። በመዶሻ አትምቷት። ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩአት፣ ትለሰልሳለች። አድርቃችሁ በአውራ ጣት ስትጫኑ ጠቅ ብላ ትገባለች። ጫፉንና ኳሱን ግሪስ ቀቡ።

ስትመልሱ ዘንጉ ላይ ያለው የተቆረጠ ቦታ ካምቢዮው ላይ ካለው መግጠሚያ ጋር መግጠም አለበት፣ አለዚያ ክዳኑ አይዞርም። ተጫኑ፣ ወደ ቀኝ አዙሩ፣ መያዙን ዘንጉን ወደ ላይ ስባችሁ አረጋግጡ። ፕላስቲኩን ከመግጠማችሁ በፊት ሞተሩ እንደጠፋ ሁሉንም ማርሽ፣ የኋላውንም ጨምራችሁ፣ ሞክሩ። የአቧራ መከላከያው ጎማ ተቀዶ ከሆነ አብራችሁ ቀይሩት፤ በቀዳዳው የሚገባው አቧራ አዲሱንም ይበላዋል።

የናንተ መኪና በፊት ጎማ የምትሄደው ኮሮላ ከሆነች ይህ ሁሉ አይሠራም። እዚያ ማርሹን ካምቢዮው ጋር የሚያገናኙት ሁለት ገመዶች ናቸው። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሞተሩ እንደጠፋ ማርሹን ያወዛውዝ፣ እናንተ የገመዶቹን ጫፍ እዩ። ዘንጉ ሲንቀሳቀስ የካምቢዮው ክንድ ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችው ቦኮላ አልቃለች። ቮልስ ያላችሁ ደግሞ የኋላ ወንበሩን አንስታችሁ ትንሿን ክዳን ፍቱ፤ ረጅሙን ዘንግ ከካምቢዮው የሚያያይዘው መጋጠሚያ እዚያ ነው፣ የሚያልቀውም የእሱ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ነው።